የጥያ ትክሎችና «ተከለ» የሚለው ግስ

ከአዲስ አበባ በዓለም ገና በኩል ወደ ቡታጅራ የሚወስደው መንገድ አዋሽን ተሻግሮ፣ መልካ ቁንጥሬንና ወደ አዳዲ ማርያም የሚያስገባውን መገንጠያ አልፎ ወደ ሶዶ ምድር ይዘልቃል። ከዋና ከተማዋ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ጥያ የምትባል አነስተኛ ከተማ አለች። ከአስፋልቱ ጥቂት ገባ ሲሉ፣ በአጥር በተከለለ ሣራማ ሜዳ ላይ 36 ድንጋዮች ይገኛሉ። ከእነዚህ 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው። አጫጭሮቹ ከአንድ ሜትር እምብዛም አይበልጡም፤ ረጅሙ ወደ አምስት ሜትር ይጠጋል። በአንዳንዶቹ ገጽ ላይ ጎራዴዎች ጎን ለጎን ተደርድረዋል፤ እጀታው ከስለቱ ተለይቶ ይታያል። ክብ ምልክቶችና እንደ ቅርንጫፍ የተከፈሉ ቅርጾችም አሉ። የትኛው ቅርጽ ምን ለማለት እንደተቀረጸ በእርግጠኝነት ያነበበ ሰው እስካሁን የለም።

ዩኔስኮ ይህን ቦታ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት መዘገበው። የአክሱም፣ የታችኛው አዋሽና የታችኛው ኦሞ ሸለቆዎችም የተመዘገቡት በዚያው ዓመት ነው። ጥያ ብቻዋን አይደለችም፤ በሶዶ አካባቢ እንዲህ ያሉ ድንጋዮች የሚገኙባቸው 160 ያህል ሥፍራዎች ተለይተዋል።

የድንጋዮቹ የአማርኛ ስም «ትክል ድንጋይ» ነው። የአክሱሙን «ሐውልት» እንላለን። ሐውልት ሲባል የሚታወስ ሰው ወይም ነገር እንዳለ ይታሰባል። ትክል ድንጋይ ግን ለማን እንደቆመና ምን እንደሚያስታውስ አይናገርም፤ የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው ተከለው። አቋሚዎቹ በጽሑፍ ስማቸውን ስላልተዉ፣ ቋንቋው ከነሱ ያስቀረው ሥራቸውን ነው። ይህ ሥራ የሚጠራበት ግስ ደግሞ በአማርኛ በዕድሜም በስፋትም ከሚጠቀሱት አንዱ ነው። ችግኝ ይተከላል፤ ድንኳን፣ ምሰሶ፣ ታቦት፣ ፋብሪካ ይተከላል፤ ዓይንም ይተከላል። በነዚህ ሁሉ ውስጥ ያለው አሳብ አንድ ነው፤ ከፊሉን ለመሬት ሰጥቶ ሌላውን ማቆም። የጥያን ድንጋዮች ለመረዳት መነሻው ከላይ የሚታየው ቅርጽ ብቻ ሳይሆን ከታች የተሸሸገው ክፍል እንደሆነ ግሱ ራሱ ያመለክታል።

ከታች ያለውን ያወጡት ቁፋሮዎች ናቸው። የደቡቡን ትክል ድንጋዮች ለውጭው ዓለም በሰፊው ያስተዋወቁት አባ አዛይስ የተባሉ ፈረንሳዊ የካቶሊክ ሚሲዮናዊና ባልደረባቸው ሻምባር ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ያደረጉትን ጉዞና ጥናት በ1931 አሳተሙ። ከዚያ በኋላ አርኪዮሎጂስቱ ፍራንሲስ አንፍሬ የሶዶን ሥፍራዎች እየዞሩ መዘገቡ። ጥያ ላይ ቁፋሮውን የመሩት አርኪዮሎጂስቱ ሮዤ ዡሶም ናቸው። በድንጋዮቹ አጠገብ መቃብሮች ተገኙ። ሟቾቹ እግራቸው ታጥፎ፣ በእናት ማኅፀን እንዳለ ፅንስ ተጠቅልለው የተቀበሩ ናቸው። ዘመኑም ከ12ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ እንደሆነ ታወቀ። አስጎብኚዎች ሟቾቹ ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆናቸው ወጣቶች እንደነበሩ ይናገራሉ፤ በድንጋዩ ላይ የተቀረጹት ጎራዴዎችም ሟቹ በጦር ሜዳ የጣላቸውን ጠላቶች ቁጥር ያሳያሉ ይላሉ። የጎራዴው ቁጥር ነገር ማረጋገጫ ያላገኘ ትርጓሜ ነው። በድንጋዩ ሥር ሰው መቀበሩ ግን በዓይን የታየ ነው።

የአካባቢው ሰው ቀድሞ ሌላ ታሪክ ነበረው። ድንጋዮቹ «የግራኝ ድንጋይ» ይባሉ ነበር፤ የተከላቸው ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም፣ ማለትም ግራኝ አሕመድ ነው ይባል ነበር። ኢማሙ ሽምብራ ኩሬ ላይ ያሸነፉት እ.ኤ.አ. በ1529 ሲሆን ወይና ደጋ ላይ የሞቱት በ1543 ነው። መቃብሮቹ ከዚያ በመቶ ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀድማሉ። ስለዚህ ተካዩ እሳቸው ሊሆኑ አይችሉም። ሆኖም ትረካው የሚያስተምረው ነገር አለ። በኢትዮጵያ ደጋ ክፍል፣ ማን እንደሠራው ያልታወቀ ትልቅ ነገር ሁሉ ለግራኝ መሰጠቱ የተለመደ ነው፤ የወደቀ ሲታይ እሱ አፈረሰው፣ የቆመ ሲታይ እሱ ተከለው ይባላል። የተተከለ ነገር ባለቤት ሊኖረው ግድ ነው የሚል ስሜት ሕዝቡ ውስጥ ጠልቆ በመግባቱ፣ ባለቤቱ ሲጠፋ የሚታወቀው ስም ቦታውን ይይዛል።

ግሱ ራሱ ከግእዝ የመጣ ነው። በግእዝም «ተከለ» ሲባል መትከል፣ ማቆም፣ መሬት ውስጥ አስገብቶ ማጽናት ነው። ትግርኛ «ተኸለ» ይለዋል። በድንጋይ ላይ ተጽፈው ከደረሱን ጥንታዊ ምስክሮች አንዱ የአክሱሙ ንጉሥ የዒዛና ነው። ንጉሡ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ ባስጻፈው የድል ጽሑፍ፣ ዘመቻውን ከተረከ በኋላ የድንጋይ መንበር መትከሉን ይናገራል፤ የተጠቀመበትም ግስ ይኸው ዛሬ የምንጠቀምበት ነው። በዒዛና ጽሑፎች መጨረሻ ላይ እርግማን ይከተላል፤ ይህን የሚነቅል እሱም ወገኑም ከአገሩ ይነቀል የሚል ይዘት ያለው። እንግዲህ «ተከለ» እና «ነቀለ» ጥንድ ሆነው ከ1,600 ዓመት በፊት ጀምሮ አብረው ይኖራሉ። የመጽሐፈ መክብብ የግእዝና የአማርኛ ትርጉሞችም የመትከልንና የመንቀልን ጊዜ ጎን ለጎን ያስቀምጣሉ።

ይህ ጥንድነት በዕለት ንግግር እስከ ዛሬ አለ። ሕዝብ በሙሉ ለአቀባበል ሲወጣ «አገሩ ነቅሎ ወጣ» ይባላል፤ አገር እንደ ተክል ሥር እንዳለው ተቆጥሮ ማለት ነው። ጥርስ ይነቀላል፤ ይተከላልም። ድንኳን ይተከላል፤ ይነቀላል። ወሰን የሚለይ ድንጋይ ይተከላል፤ ጎረቤት በሌሊት ነቀለው ተብሎ ይከሰሳል።

መትከል ምን ያህል ጥልቀት እንደሚጠይቅ አክሱም ላይ በግልጽ ይታያል። ከአክሱም ሐውልቶች ትልቁ 33 ሜትር ርዝመትና 500 ቶን የሚያልፍ ክብደት ያለው ነው፤ ዛሬ ተሰባብሮ መሬት ላይ ተጋድሟል። ወደ መሬት እንዲገባ የታሰበው ክፍሉ ሦስት ሜትር አይሞላም። ብዙ አጥኚዎች ሲያቆሙት ሳለ ወይም ወዲያው እንደቆመ ወደቀ ብለው ያምናሉ። ከላይ የሚታየው ገዝፎ ከታች የገባው ሲያንስ ምን እንደሚሆን ማሳያ ነው። በቁመት ሁለተኛው፣ 24 ሜትር የሚሆነው ሐውልት፣ ወድቆና ተሰብሮ ሳለ የፋሺስት ኢጣልያ ጦር እ.ኤ.አ. በ1937 ወደ ሮም ወሰደው። በ2005 በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ተመለሰ፤ በ2008ም በቦታው ዳግም ተተከለ። ያን ጊዜ መሐንዲሶቹን በእጅጉ ያሳሰባቸው ከመሬት በታች ያለው ነገር ነበር፤ በዙሪያው ገና ያልተቆፈሩ መቃብሮች አሉና። እንደ ጥያ ሁሉ አክሱምም የድንጋዩ ሥር የሙታን ቦታ ነው።

የጥያ መቃብሮች በተቆፈሩበት ዘመን፣ ከዚያ ወደ ሰሜን ባለው በሸዋ ምድር ሌላ ተከላ ይካሄድ ነበር። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖሩትና ደብረ ሊባኖስን የመሠረቱት ጻድቅ የልጅነት ስማቸው ፍሥሐ ጽዮን እንደነበር ገድላቸው ይናገራል፤ ከዚያ ግን ተክለ ሃይማኖት ተባሉ። የሃይማኖት ተክል ማለት ነው። ሥዕላቸው በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ የሚታወቀው በአንድ እግር ቆመው ሲጸልዩ ነው፤ ሌላው እግራቸው ከብዙ ዘመን መቆም የተነሳ ተሰብሮ ወድቋል። በስማቸው የተተከሉ፣ በሥዕላቸውም ከመቆም የማይላወሱ ቅዱስ ናቸው።

ቤተ ክርስቲያን ሲመሠረት «ታቦት ተከለ» ይባላል። ሕንጻው ከጭቃም ይሠራ ከድንጋይ፣ ታቦቱ ካልገባ ቤተ ክርስቲያን አይሆንም፤ ስለዚህ ግሱ የሚያርፈው በታቦቱ ላይ ነው። በነገሥታት ዜና መዋዕልም በየደብሩ የታሪክ መዝገብም እገሌ የተባለ ንጉሥ ወይም መኮንን የእገሌን ታቦት ተከለ የሚል አነጋገር ይበዛል። በጥያ አካባቢ ይህ ሁሉ በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ይገኛል። በሶዶ ወረዳ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ምድረ ከብድ አለ። ወደ አዋሽ መለስ ሲሉ ከአንድ አለት ወደ ታች ተፈልፍላ የወጣችው አዳዲ ማርያም አለች፤ ትውፊት ለንጉሥ ላሊበላ ይሰጣታል። የክርስቲያኑ ሰው ድንጋዩን ወደ ውስጥ ሲፈለፍል፣ ከዚያ ወደ ደቡብ ያለው ሰው ድንጋዩን ጠርቦ ወደ ላይ ያቆም ነበር። በዘመን በማይራራቁ፣ በቦታ በሚቀራረቡ ሰዎች እጅ አንድ ዓይነት ጥሬ ዕቃ ሁለት መንገድ ሄደ።

ግሱ ወደ ሌሎች የሰው ስሞችም ገብቷል። ተክለ ማርያም፣ ተክለ ጊዮርጊስ፣ ተክለ ሚካኤል፣ ተክለ ጻድቅ፣ ተክለ ሐዋርያት፣ ተክለ ወልድ፤ ሲያጥር ተክሉ፣ ተክሌ፣ ተክላይ። ነገሥታት ሲነግሡ ይህን ስም መርጠዋል። ዋግሹም ጎበዜ ከአፄ ቴዎድሮስ ሞት በኋላ ሲነግሡ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተባሉ፤ ራስ አዳል የጎጃም ንጉሥ ሲሆኑ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሆኑ። ለዙፋን አዲስ የሆነ ሰው ሥር እንዲይዝ የሚመኝ ስም ነው። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ግሱን በራሳቸውም በአባታቸውም ስም ይዘዋል። የግራኝን ዘመን በሰፊው የጻፉት የታሪክ ጸሐፊም ተክለ ጻድቅ መኩሪያ ናቸው። በ1962 ዓ.ም. የታተመውን ታላቁን ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት ያዘጋጁት ደግሞ ደስታ ተክለ ወልድ ናቸው። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን የግእዝ መዝገበ ቃላት ከመምህራቸው ሞት በኋላ ፈጽመው በ1948 ዓ.ም. ያሳተሙትም እሳቸው ነበሩ።

ነገሥታቱ ግን ለረጅም ዘመን ይተክሉ የነበረው ድንኳን ነው። ከጎንደር በፊት የነበረው መንግሥት መናገሻው በጉዞ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1520 ጀምሮ በልብነ ድንግል ዘመን ስድስት ዓመት ያህል በአገሪቱ የቆየው ፖርቹጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ፣ የንጉሡ ሰፈር በሄደበት ሁሉ በአንድ ዓይነት ሥርዓት እንደሚተከል ጽፏል። የንጉሡ ድንኳን መካከሉን ይይዛል፤ ቤተ ክርስቲያኑ፣ የመኳንንቱ ድንኳን፣ የገበያው ቦታ ሁሉም የታወቀ ስፍራ አለው። «ከተማ» የሚለው ቃልም በጥንቱ አነጋገር የጦር ሰፈርን ያመለክት ነበር። ማገዶና ግጦሽ ሲያልቅ ሰፈሩ ይነቀላል።

አዲስ አበባም ይኸው ዕጣ ሊደርሳት ነበር። በ1879 ዓ.ም. ገደማ እቴጌ ጣይቱ ፍል ውኃው አጠገብ ቤት ካሠሩ በኋላ ሰፈሩ ከእንጦጦ ወደ ታች ወረደ፤ ሰውም በዛ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን በዙሪያው ያለው ዛፍ ተመናመነ። ምኒልክ ወደ ምዕራብ አዲስ ዓለም ላይ አዲስ መናገሻ ማሠራት ጀመሩ። ከተማዋን በቦታዋ ካቆዩት ምክንያቶች አንዱ ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው፤ በ1880ዎቹ መጨረሻ ገብቶ በፍጥነት አደገ፤ ከተቆረጠም በኋላ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ድንኳን መትከል የለመደው መንግሥት ዛፍ ተከለና በአንድ ቦታ ረጋ። ጥያ በምትገኝበት በጉራጌ ምድር ባሕር ዛፉ ዛሬ ከገበሬው ዋና የገንዘብ ምንጮች አንዱ ነው፤ ከወልቂጤና ከቡታጅራ ዙሪያ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው አጣና የአዳዲስ ሕንጻዎች መወጣጫ ሆኖ ይቆማል።

ድንኳኑም ከከተማዋ አልጠፋም። ዛሬ በአዲስ አበባ ሰፈር ውስጥ ድንኳን ሲተከል ወይ ሠርግ ነው ወይ ለቅሶ። የእድሩ ሰዎች በማለዳ ይመጣሉ፤ ምሰሶው ይቆማል፤ ካስማ ይመታል፤ ገመዱ ይወጠራል፤ ወንበርና ጠረጴዛው ይከተላል። በለቅሶ ጊዜ «ድንኳን ተተክሏል» ከተባለ የሰፈሩ ሰው ሌላ ማብራሪያ ሳይጠብቅ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይሄዳል። እድር በከተማው ሲስፋፋ የጉራጌ ተወላጆች ስም አብሮ መነሳቱ በከንቱ አይደለም። ከሶዶ፣ ከመስቃን፣ ከሰባት ቤት ለሥራ ወደ አዲስ አበባ የመጣው ሰው በሞትና በሐዘን ጊዜ የሚደርስለትን ወገን በማኅበር አደራጅቷል።

በጉራጌ ምድር ግን «ተከለ» ሲባል በመጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው እንሰት ነው። እንሰት በዘር አይዘራም፤ ገበሬው የሚያባዛው በሥሩ ነው። ገና ያልደረሰ እንሰት ተመርጦ ግንዱ ይቆረጣል። መሬት ውስጥ ያለው ጉንዱ፣ አሚቾ የሚባለው፣ ተቆፍሮ ይወጣል፤ በመካከሉ ያለው የማደጊያ እንቡጥ ተፈልፍሎ ይጣላል። ከዚያ አሚቾው ተመልሶ ይቀበርና ፍግ ይደረግለታል። እንቡጡ ስለተወሰደ አሚቾው አንድ ግንድ ማብቀል አይችልም፤ በዙሪያው በደርዘን የሚቆጠር ቡቃያ ያወጣል። ቡቃያዎቹ ሲጠነክሩ ተነጣጥለው ሌላ መደብ ላይ ይተከላሉ። ከአንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ በኋላ እንደገና ተነቅለው ሰፋ ባለ ርቀት ይተከላሉ። በጉራጌ ይህ መንቀልና መትከል ተደጋግሞ ይካሄዳል፤ በመጨረሻ እንሰቱ ለዓመታት የሚቆይበትን ቦታ ይይዛል። ለመድረስ እንደ ከፍታውና እንደ ዓይነቱ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል።

መቆፈሩና መትከሉ በልማድ የወንዱ ሥራ ነው። ደርሶ ሲቆረጥ መፋቁ፣ መጭመቁና ቆጮውን በጉድጓድ ማብላላቱ የሴቶቹ ነው። ቆጮውም ሳይቀር ለመብል የሚደርሰው ከመሬት በታች ነው፤ በኮባ በተሸፈነ ጉድጓድ ለወራት ይቆያል፤ አንዳንዴም ለዓመታት። ቤቱን የከበበው የእንሰት ጓሮ በየዕድሜው ተደርድሮ ሲታይ፣ ቤተሰቡ ስንት ዓመት ወደፊት አስቦ እንደተከለ ይናገራል። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ዊልያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ጉራጌ ባሳተመው መጽሐፍ ርዕስ ላይ ሕዝቡን የእንሰት ባህል ሕዝብ ብሎ የጠራው በዚህ ምክንያት ነው። በጥያ ድንጋዮች ላይ ያለውን እንደ ቅርንጫፍ የተከፈለ ምልክት «እንሰት ነው» የሚሉ ሰዎች አሉ። በእንሰት መካከል ያደገ ሰው እንዲህ ማንበቡ አያስገርምም።

መትከል የባለቤትነት ምልክት በመሆኑ፣ የማይተከልበትን ቦታ መወሰንም የሕግ ጉዳይ ነው። በጉራጌ መንደር መካከል ጀፎረ የሚባል ሰፊ፣ ሣር የለበሰ መንገድ አለ። ቤቶቹ በግራና በቀኝ ፊታቸውን ወደሱ አድርገው ይሠራሉ፤ እንሰቱ ከጓሮ ነው። ጀፎረው የሁሉም ነው፤ ከብት ይሰማራበታል፣ ሠርግና ለቅሶ ይውልበታል፣ በመስቀል ልጆች ይጨፍሩበታል። ማንም አጥሩን ገፍቶ ሊተክልበት አይችልም፤ የገፋ እንደሆነ ሽማግሌዎች በባህላዊው ሕግ ይዳኙታል። በሰባት ቤት ይህ ሕግ ቂጫ ይባላል፤ ጥያ በምትገኝበት በክስታኔ (በሶዶ ጉራጌ) ዘንድ ሴራ ነው። ጀፎረው እስከ ዛሬ ክፍት ሆኖ የቆየው መትከል ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ስለሚያውቅ ነው። ዛሬ አንድ ዘንግ የተከለ ነገ ቤት ሠርቶ መሬቱ የኔ ነው ይላል።

ከመሬት የራቁት አነጋገሮችም ይህን ክብደት ይዘው ይኖራሉ። አንድ ሰው ከአንድ ነገር ላይ ዓይኑን አልነቅልም ሲል «ዓይኑን ተከለበት» ይባላል። ከደጃፍ አልሄድም ያለ «እንደ ችካል ተተክሎ ቀረ» ይባላል፤ እናት ሥራ ፈቶ የቆመ ልጇን «ምን ተተክለህ ትቀራለህ» ትለዋለች። የሰው ቁመትና አካል «ተክለ ሰውነት» ነው፤ ሰውነትም እንደ ዛፍ ከታች ተነስቶ የቆመ ሆኖ ይታያል። «አትክልት» በግእዝ የ«ተክል» ብዙ ቁጥር ነው። አማርኛ ወስዶ ለጎመኑና ለቲማቲሙ፣ ለካሮቱና ለቃሪያው ሰጠው፤ በአራዳ የነበረው ታዋቂ ገበያም አትክልት ተራ ተባለ። «ትክክል» ግን ድምፁ ቢያሳስትም ከዚህ ቤት አይደለም፤ ዘሩ «አከለ» ነው፤ የ«እኩል»ና የ«ተካከለ» ወንድም ነው።

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግሱ ከገበሬው ጓሮ ወጥቶ ወደ ፋብሪካና ወደ ቢሮ ገባ። የማሽን ተከላ፣ የምሰሶ ተከላ፣ የመስመር ተከላ የመሐንዲሶች ቋንቋ ሆኑ። ሐኪሞች ደግሞ ጥንታዊውን ጥንድ መልሰው አገናኙት። ከአንድ ሰው አካል ወጥቶ ለሌላው የሚሰጥ ብልት ሕክምና «ንቅለ ተከላ» ተባለ። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ተካሄደ። ቃሉን ለጉራጌ የእንሰት ገበሬ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ሥራውን ዘመኑን ሁሉ ሲሠራው ኖሯል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ደግሞ በአገር አቀፍ የችግኝ ተከላ ዘመቻ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ የሚነሳው ጥያቄ ከተተከለው ስንቱ ጸደቀ የሚለው ነው። በአማርኛ ችግኝም ነፍስም «ጸደቀ» ይባላል፤ መትከልም በመጽደቅ ይለካል።

ድንጋይ መትከል በኢትዮጵያ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በደቡብ፣ በኮንሶ፣ ኃላፊነት ከአንድ ትውልድ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ዳጋ ሄላ የሚባል ድንጋይ በሥርዓት ከድንጋይ ካባ ይወጣል፤ በወጣቶች ጉልበት ተጎትቶ ይመጣል፤ በመንደሩ አደባባይም ይተከላል። ድንጋዮቹን በመቁጠር መንደሩ ስንት ትውልድ እንዳሳለፈ መገመት ይቻላል። ዩኔስኮ የኮንሶን መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2011 ሲመዘግብ ይህን ልማድ ከምክንያቶቹ አንዱ አድርጎ ጠቅሷል። በጌዴኦ ደግሞ እንደ ቱቱ ፈላ ያሉ ሥፍራዎች በትክል ድንጋይ የተሞሉ ናቸው፤ አካባቢው በ2023 የዓለም ቅርስ ሆነ። በዚያው ዞን ሳካሮ ሶዶ በተባለ ሥፍራ የተደረገና በ2021 የወጣ ጥናት ከፊሎቹን ድንጋዮች እስከ አንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ አድርሷቸዋል፤ ቀድሞ ከተገመተው በአንድ ሺህ ዓመት ያህል መቅደማቸው ነው። ጥያ እንግዲህ ከአክሱም ተነጥላ የቀረች ብቸኛ እንቆቅልሽ አይደለችም። ከስምጥ ሸለቆ ዳርና ዳር ሲዘረጋ የኖረ፣ ወደ ሁለት ሺህ ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያለው የመትከል ልማድ አንዱ ክፍል ናት።

ኮንሶ ላይ ተመራማሪ ድንጋዩን ለማወቅ ተካዩን መጠየቅ ይችላል። ጥያ ላይ ያ ዕድል የለም። የክስታኔ ቋንቋ ግን አለ፤ ሽማግሌዎቹም አሉ። የወሰን ድንጋይ ሲቆም፣ መቃብር ሲለይ፣ ምሰሶ ሲገባ፣ እንሰት ከመደብ ወደ መደብ ሲዛወር የሚነገሩት ቃላት በአብዛኛው በአፍ ብቻ ያሉ ናቸው። በሶዶ ከተለዩት 160 ሥፍራዎች በዝርዝር የተቆፈሩት ጥቂቶች ናቸው፤ ብዙዎቹ በእርሻና በግጦሽ መካከል ያለ አጥር ቆመዋል፤ አንዳንዱ ለቤት መሠረት፣ አንዳንዱ ለከብት ማሠሪያ ሊውል ይችላል። ወልቂጤ ላይ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ቡታጅራም ዛሬ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ናት። የየቀበሌውን ትክል ድንጋይ ከቦታው ሳያነቃንቁ በፎቶግራፍና በካርታ መመዝገብ፣ ከጎኑም ነዋሪው ስለሱ የሚለውንና ለመትከል ሥራ የሚጠቀምባቸውን ቃላት መጻፍ፣ ከውጭ ቡድን መጠበቅ የማያስፈልገው ሥራ ነው። የአካባቢው የአማርኛና የክስታንኛ መምህራን ከተማሪዎቻቸው ጋር በአንድ ክረምት ሊጀምሩት ይችላሉ።